በባርባራ ዕለት ያልነደደው ምድጃ

ወይዘሮ ኤልፍሪዳ የአመዱን መሳቢያ ስበው ባልዲው ላይ ሊገለብጡ ሲሉ፣ ከምድጃው ሆድ ውስጥ የምራታቸው የሲልቪያ ድምፅ ወጣ። «ዛሬም አስመለሳት። ራሴን ይፈልጠኛል ትላለች» አለ ድምፁ፣ አመዱ ላይ ተቀምጦ የሚናገር ይመስል ጥርት ብሎ። አሮጊቷ በተንበረከኩበት ደርቀው ቀሩ። ሲልቪያ የምትኖረው በላይኛው ፎቅ ላይ፣ ከልጃቸው ከሁበርትና ከሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ከኤሚልካ ጋር ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ወፍራም ወለል፣ በወለሉም ላይ ምንጣፍ አለ፤ ከላይ የሚሰማው እስከዚያ ቀን ድረስ የእግር ኮቴና የውኃ መውረድ ብቻ ነበር።

«የትምህርት ቤቱ ምሳ ነው። ምን እንደሚያበሏቸው ማን ያውቃል» አለ የሁበርት ድምፅ። ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ ወንበር ተጎተተ። ከዚያም ሲልቪያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእናትህስ ነገር?» አለች።

«የእናቴ ምን?»

«የአረጋውያን ቤቱ መነኮሳት ክፍሉን የሚያቆዩልን እስከ አዲስ ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ለሌላ ይሰጡታል። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው ሁበርት። የከሰል ባልዲ ይዘው ከምድር ቤት ሲወጡ አንድ ቀን ደረጃው ሥር ወድቀው እናገኛቸዋለን። ያኔ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ።»

«እናቴ ምድጃዋን ራሷ እያነደደች፣ ቤቷን እያሞቀች እስካለች ድረስ፣ ብቻዋን መኖር አቃታት የሚል ሰው ፊቴ እንዲቆም አልፈልግም። አንቺም ብትሆኚ። ምድጃዋን ቀዝቅዞ ያገኘሁት ዕለት ግን፣ ቅድስት ባርባራ ምስክሬ ናት፣ ራሴ እፈርማለሁ።»

«ዛሬ ማታ ለእራት ስንወርድ እናያለን።»

«እናያለን።»

ወይዘሮ ኤልፍሪዳ መሳቢያውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። በግራ እጃቸው ክብሪት ይዘው ነበር። የደረቀው እንጨት ከጋዜጣው ቁራጭ ጋር በፍርግርጉ ላይ ተደርድሯል፤ ከላዩም የዕንቁላል መጠን ያላቸው የድንጋይ ከሰል አንኳሮች በጥንቃቄ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ሕመም ስለ መነኮሳቱ ቤት የሰሙት ነበር። ያንን ቤት ያውቁታል። ንጹሕ ነው፤ ሴቶቹ ደጎች ናቸው፤ ከጎረቤቶቻቸው ሦስቱ እዚያ ገብተው በሥርዓት ተቀብረዋል። ግን በዚያ ቤት ማንም ምንም አያነድድም። ሙቀቱ ከማይታይ ቦታ በቧንቧ ይመጣል፤ ሰው ጠዋት ሲነሣ የሚጠብቀው ሥራ የለም። እሳቸው ደግሞ ባላቸው ቴኦፊል ከሞተ ወዲህ ከአልጋቸው የሚያስነሣቸው ይህ አረንጓዴ የሸክላ ምድጃ ብቻ እንደ ሆነ ለማንም ነግረው ባያውቁም ለራሳቸው ደብቀው አያውቁም። ወጥ ቤቱ ውስጥ አልጋቸውን ከምድጃው ጎን ያስጠጉት ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ከመከር ጀምሮ ተዘግቶ ይከርማል፤ በመስኮቱ መስታወት ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ መንገዱ የሚታያቸው ምድጃው ከተያያዘ በኋላ ነው። ውጭ ብርዱ ከዜሮ በታች ዘጠኝ ነበር።

ሁለተኛው ሐሳብ የመጣው ክብሪቱን ሊጭሩ ሲሉ ነው። ድምፁ በየት መጣ?

ሁለቱ ቤቶች አንድ ጭስ ማውጫ ይጋራሉ። ባለፈው ቅዳሜ ሁበርት የላይኛውን ቤት ምድጃ አፍርሶ፣ ጡቡንና ጥቀርሻውን በከረጢት አውርዶ፣ በምትኩ ከከተማው በድጎማ የተሰጠውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክቷል። ምድጃው የነበረበትን የግድግዳ ቀዳዳ በጡብ ደፍኛለሁ ብሏል። በጡብ የተደፈነ ቀዳዳ ግን አይናገርም። ድምፅ ወደ ታች ከወረደ፣ ጭስ ወደ ላይ ይገባል። ጭሱ ደግሞ ጥቁሩ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ከእርሱ ጋር የሚወጣው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ተኝተው ያሉትን እንደ ተኙ የሚወስደው ጋዝ ነው። ቴኦፊል የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ከድንጋይ መደርመስ ይልቅ የሚፈራው እርሱን ነበር። ኤሚልካ ራሷን ማመም የጀመራት ከእሑድ ወዲህ ነው። አልጋዋም ያ ግድግዳ ሥር ነው።

ክብሪቱን ወደ ሳጥኑ መለሱት።

ባልዲውን ይዘው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ሥራቸው ከሰል መቅዳት ሳይሆን ማየት ነበር። በድሮው ጊዜ ከሰሉ ከማዕድኑ በነፃ ይመጣ ነበር፤ ጋሪው መንገድ ላይ ገልብጦት ይሄዳል፣ ጎረቤት ሁሉ አካፋ ይዞ ወጥቶ በምድር ቤቱ መስኮት ሲያስገባ ይውላል፣ ልጆቹ ጥርሳቸው ብቻ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ማዕድኑ ተዘግቶ፣ ከሰል ከነዳጅ ማደያ በላስቲክ ከረጢት እየተገዛ ነው፤ ዋጋውም ከሥጋ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። በከረጢቶቹ ጎን፣ በጥግ በኩል፣ አዳዲስ ጡቦች ከነማሰሪያቸው ተቆልለው አገኙ። በላያቸው ላይ አፉ ያልተከፈተ የሲሚንቶ ከረጢት ተኝቷል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁበርት በስልክ ተጠርቶ የሚሠራበትን መጋዘን መኪና ሊነዳ ሮጦ እንደ ወጣ አስታወሱ። ተመልሼ እጨርሰዋለሁ ብሎ ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ ሁበርት ከልጅነቱም ጀምሮ ነገር ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ አይታወቅም።

ደረጃው ላይ አገኙት፤ ወደ ሥራ ሊሄድ ጓንቱን እያጠለቀ ይወርዳል።

«ሁበርት፣ ልጄ። ያንን የላይኛውን ቤት ቀዳዳ ደኅና አድርገህ ደፍነኸዋል?»

«የቱን ቀዳዳ?»

«የጭስ ማውጫውን።»

«በድርብ ጡብ፣ በሲሚንቶ» አለ ዓይኑን ከጓንቱ ሳያነሣ። «ምነው እማዬ፣ መሐንዲስ ሆንሽ እንዴ?»

«ምድር ቤት ጡብ አየሁ።»

«የተረፈ ነው።» ከዚያም ድምፁ ጠነከረ። «ሲልቪያ ናት የላከችሽ? ጨረስክ አልጨረስክ እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ ነው የሰነበተችው። ጨርሻለሁ አልኳት። ካልኩ ጨርሻለሁ! አንዳችሁም እንኳ በዚህ ቤት ቃሌን አታምኑም?»

ወይዘሮ ኤልፍሪዳ ልጃቸው ለሚስቱ የዋሸው ውሸት በላዩ ላይ ተዘግቶበት፣ ከውስጡ የሚወጣበት በር እንዳጣ አዩ። በምድጃው በኩል ሰማኋችሁ ቢሉት፣ ስለ መነኮሳቱ ቤት የተባለውን ሁሉ መስማታቸውን ያውቃል፤ ያንን ካወቀ ደግሞ ስለ ጡቡ የሚነግሩት እውነት ከዚህ ቤት ላለመውጣት የፈጠሩት ዘዴ ይመስለዋል። ሁበርት ሁለት ደረጃ ወርዶ ተመለሰና ቁጣው በርዶለት የእናቱን የሻሽ ጫፍ አስተካከለ። «ይልቅ ቤቱን አሙቂው» አለ። «ማታ ስንመጣ ሞቆ እናግኘው። ሰማሽኝ እማዬ? ደኅና አድርገሽ አሙቂው።» ልመና ነበር። እሳቸውም ልመና መሆኑን ስላወቁ፣ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የማዕድን ቆፋሪዎቹ የነሐስ ባንድ በመንገዱ ላይ ሲያልፍ መስኮቱ ገና በበረዶ እንደ ተሸፈነ ነበር። የማዕድን ቆፋሪዎች ጠባቂ በሆነችው በቅድስት ባርባራ ዕለት ጠዋት ባንዱ በየመንገዱ እየዞረ ይነፋል። ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላ ልማዱ አልቀረም፤ ሰዎቹ ግን በየዓመቱ ያንሳሉ። ዘንድሮ ስምንት ናቸው። ትልቁን ጥሩንባ የሚነፋው የታችኛው ቤት ጎረቤታቸው አሎይዝ ነው፤ እንደ ልማዱ ነፍቶ ሲጨርስ፣ ጥቁር የበዓል ልብሱን እንደ ለበሰ፣ ላባ ያለውን ቆቡን በብብቱ ይዞ የሟች ጓደኛውን ሚስት እንኳን አደረሰሽ ሊል ገባ።

«እግዚአብሔር ዕድል ይስጥ!» አለ በሩ ላይ፣ በማዕድን ቆፋሪዎች ሰላምታ።

«እግዚአብሔር ዕድል ይስጥ» ብለው መለሱለት፤ ቮድካውን በትንሽዋ ብርጭቆ ቀዱለት።

አሎይዝ ጨለጠና ዙሪያውን አየ። ትንፋሹ በፊቱ ላይ ነጭ ሆኖ ቆመ። «ፍሪዳ፣ ይህ ቤት ነው ወይስ የሬሳ ክፍል? ቴኦፊል እንኳ ዛሬ ካንቺ ይሻላል፤ ቢያንስ አፈር ለብሷል።»

ሌላ ቀን ቢሆን በመጥረጊያ ያባርሩት ነበር። ዛሬ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና ሁሉንም ነገሩት። ድምፁን፣ ጡቡን፣ የሁበርትን መልስ፣ የመነኮሳቱን ክፍል። አሎይዝ ሲሰማ ፊቱ እየተለወጠ ሄደ። ነግረውት ሳይጨርሱ ቆቡን አንሥቶ ተነሣ። «አሁን ወጥቼ ለሲልቪያ እነግራታለሁ።»

«ተቀመጥ። ብትነግራት ምን ታደርጋለች?»

«ምን ታደርጋለች? ያንን ሰነፍ ልጅሽን በራሱ ጡብ ትደበድበዋለች።»

«ከዚያስ? ልጇ ልትታፈን ነበር። ነገ ጠዋት ሰው አምጥታ ጭስ ማውጫውን ከሥሩ ታስደፍነዋለች፤ ከልጇ አልጋ ሥር ዳግመኛ ከሰል እንዲነድድ አትፈቅድም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልፈቅድም። ማንስ እናት ትፈቅዳለች?»

«እሺ፣ የኔን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ውሰጂ።»

«ባለፈው ዓመት ሰክቼው ደረጃውን በሙሉ በጨለማ ያስዋጥኩትን ረሳኸው? የኔ ቤት ሽቦ ከእኔ ጋር ነው ያረጀው።»

አሎይዝ ብርጭቆዋን በጣቱ ሲያዞር ቆየ። «ብትነግሪያትም ምድጃው አይነድድም፤ ባትነግሪያትም አይነድድም» አለ በመጨረሻ። «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ለወይዘሮ ኤልፍሪዳ ልዩነት እንዳለ ተሰምቷቸዋል፤ ምን እንደ ሆነ ግን ገና አላወቁም ነበር። ይልቅ ድስታቸውን አንሥተው የበዓሉን ምግብ በእርሱ የጋዝ ምድጃ ላይ ለመቀቀል ወረዱ፤ ሥጋውን እንደ እናታቸው ወግ በሰናፍጭ ቀብተው ጠቀለሉት፣ ድንቹን ድብልብል አደረጉ፣ ቀዩን ጎመን ከተፉ፣ የደረቀውን ፕሪም በትልቅ ማሰሮ ቀቀሉ። አሎይዝ ያንን ሁሉ ጊዜ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አንድ ቃል አልተናገረም። ይህ ሰው ዝም ሲል ያዩት በቴኦፊል ቀብር ላይ ብቻ ነበር።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ቁራሽ ኬክ በሳህን ይዘው ወደ ላይ ወጡ። ኤሚልካ ከትምህርት ቤት ቀርታ፣ ፒጃማዋን እንደ ለበሰች አልጋ ላይ ትዘላለች። ጉንጯ ወደ መልኩ ተመልሷል። «አያቴ፣ ራሴ ተሻለኝ!» አለች። «ጠዋት እንደ ደወል ነበር፤ አሁን ዝም አለ።» ከጠዋት ጀምሮ ከሥሯ ምንም አልነደደምና ወይዘሮ ኤልፍሪዳ አልገረማቸውም። ሲልቪያ ለሻይ ውኃ ልትጥድ ስትሄድ ከአልጋው ራስጌ ወዳለው ግድግዳ ቀረቡ። ምድጃው የነበረበት ቦታ አበባ ባለበት አዲስ ወረቀት ተለብጧል፤ እግሩ ሥር ቁም ሳጥን ተጠግቷል። መዳፋቸውን በወረቀቱ ላይ አድርገው ተጫኑት። ወደ ውስጥ ሄደላቸው፤ ከጀርባው ያለው እንደ ትራስ ልስልስ ነበር። ጨርቅ። ምናልባትም የሁበርት አሮጌ ካፖርት። ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከአሻንጉሊቶች መካከል፣ የጋዝ አደጋ ሲኖር የሚጮኸው ትንሽዋ ነጭ መሣሪያ ባትሪዋ ወጥቶ ተቀምጣለች። ምድጃው ሲፈርስ አብራ ወርዳለች፤ ምድጃ ከሌለ ምን ታደርጋለች?

«ምን ጠፋብዎት እማማ?» አለች ሲልቪያ ከበሩ።

ወይዘሮ ኤልፍሪዳ መዳፋቸውን ከግድግዳው አነሡ። «ወረቀቱ... ቆንጆ ነው።»

«ባለፈው እሑድም አይተውታል እኮ። ቆንጆ ነው ብለውኝ ነበር።» ድምፅዋ ክፉ አልነበረም። እንዳዘነ ሰው ነበር የምታያቸው፤ ያ ከክፋት ይልቅ ከበዳቸው። ሲልቪያ ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን በጥንቃቄ አወረደቻቸው፤ በራቸው ላይ ስትደርስ ግን ወደ ውስጥ አልገባችም። በሩ ሲከፈት የወጣውን ቅዝቃዜ ሳትሰማው አልቀረችም።

እራቱ ለአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ወይዘሮ ኤልፍሪዳ ነጩን የጠረጴዛ ልብስ ዘርግተው፣ ሻማ አብርተው፣ ምግቡን ከአሎይዝ ቤት ትኩሱን አምጥተው በፎጣ ጠቀለሉት። እሳቸው ራሳቸው ሁለት ሹራብ ደርበዋል። ሁበርት የበዓል ሸሚዙን ለብሶ ሳቁን ይዞ ገባ፤ ሁለት እርምጃ ሲራመድ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ኮቱን ሊያወልቅ ጀምሮ ተወው። ተቀመጡ፤ ጸለዩ፤ በሉ። የሥጋው መረቅ ማንኪያው ላይ እንዳለ ይበርዳል፣ ቅባቱ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ኤሚልካ ብቻ ነበረች ደስ ያላት፤ አፏን እየከፈተች ትንፋሽዋን እንደ ባቡር ጭስ ታወጣለች። «አያቴ፣ ተመልከቺ፣ እኔ ጭስ ማውጫ ነኝ!» አለች። ሲልቪያ «ብዪ» አለቻት በቀስታ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ለዚህ ቀን ስትከራከር ከርማ፣ ቀኑ ሲመጣ የድል ደስታ አላገኘችበትም።

ሁበርት ሹካውን አስቀመጠ። ተነሥቶ ሄዶ መዳፉን በአረንጓዴው ሸክላ ላይ አሳረፈ። ቀን እናቱ በግድግዳው ወረቀት ላይ እንዳሳረፉት ያለ ነበር፤ ያንን ግን እርሱ አላየም።

«እማዬ» አለ ጀርባውን እንደ ሰጠ። «ለምን አላነደድሽም?»

የአሎይዝ ጥያቄ መልሱን ያገኘው በዚያ ቅጽበት ነው። እውነቱን ቢናገሩ ምድጃው አይነድድም፤ ቢዋሹም አይነድድም። ልዩነቱ ሸክሙን ማን ይሸከመዋል የሚለው ብቻ ነው። እውነቱን ከተናገሩ ሁበርት ልጁን ሊገድል የነበረ አባት ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ በሚስቱ ፊት ይኖራል፤ ሲልቪያም ይቅር ትለው እንደ ሆነ እንጂ አትረሳለትም፤ ኤሚልካም አድጋ አንድ ቀን ትሰማዋለች። ቢዋሹ ደግሞ የምትሸከመው አንዲት ያረጀች ሴት ብቻ ናት። እርጅና ማንንም አያሳፍርም።

«ረሳሁት» አሉ።

ሲልቪያ አቀርቅራ ጣቶቿን አየች። ሁበርት ዞረ። በፊቱ ላይ ያልጠበቁትን ነገር አዩ፤ ቁጣ አልነበረም፣ ፍርድም አልነበረም። ሊምራቸው ፈልጎ ነበር። «ሰው ይረሳል» አለ ፈጥኖ፣ ከሚስቱ ቀድሞ። «አንድ ቀን ነው። እኔም እረሳለሁ። ተዪው እማዬ፣ እኔ አያይዝልሻለሁ፤ ሙቀት ሲገባ ሁላችንም...» ተንበረከከ። እንጨቱም ከሰሉም እሳቸው ጠዋት እንደ ደረደሩት ነበር። ሁበርት ይህን ሲያይ ጥቂት ግር አለው፤ የረሳ ሰው ይህን ያህል አሳምሮ አይደረድርም። ግን አልጠየቀም። ከሳጥኑ ላይ ክብሪቱን አንሥቶ ጫረ፤ ነበልባሉን በእጁ ከልሎ ወደ ጋዜጣው አስጠጋ። ወረቀቱ ተያያዘ፤ እንጨቱም መንጣጣት ጀመረ።

ወይዘሮ ኤልፍሪዳ በዚያ ዕድሜ ይኖራቸዋል ተብሎ በማይታሰብ ፍጥነት ከወንበራቸው ተነሡ። የፕሪሙን ማሰሮ በሁለት እጃቸው አንሥተው ከነፍሬው፣ ከነጭማቂው፣ በልጃቸው ትከሻ ላይ አሳልፈው በምድጃው አፍ ውስጥ ደፉት። እሳቱ ጮኾ ጠፋ። የጨቀየ አመድ በነጩ ሸሚዝ ላይ ተረጨ፤ ቀዩ ጭማቂ በፍርግርጉ በኩል ወርዶ በወለሉ ላይ ፈሰሰ። ኤሚልካ ከድንጋጤዋ የተነሣ ሳቀች፤ ከዚያም የአባቷን ፊት አይታ ማልቀስ ጀመረች።

«በቃ» አለ ሁበርት፤ ለማን እንደ ተናገረ አልታወቀም። «በቃ እማዬ። በቃ።»

ሲልቪያ ሻሽዋን አውልቃ በአማቷ ትከሻ ላይ ደረበችላቸው። የሁበርትን እጅ ይዛ አስነሣችው፤ ልጅቱን አቅፋ ወጣች። ሁበርት ተከትሏቸው ወጥቶ በሩን ዘጋው።

ወይዘሮ ኤልፍሪዳ ሳህኖቹን አነሣሡ። ወለሉን በቀዝቃዛ ውኃ ወለወሉ። ከዚያ በምድጃው ፊት ተንበርክከው የረጠበውን ከሰል አንድ በአንድ እያወጡ ወደ ባልዲው ሲጥሉ፣ እንደ ጠዋቱ፣ ድምፆቹ ከላይ ወረዱ።

«ነገ ጠዋት ለመነኮሳቱ እደውላለሁ» አለ የሁበርት ድምፅ። አፍንጫው ተዘግቶ ነበር።

«አያቴ ለምንድን ነው ጭማቂውን እሳት ላይ የደፋችው?» አለች ኤሚልካ።

«አርጅተው ነው፣ የኔ ማር። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ይሆናል» አለች ሲልቪያ።

«እማዬ፣ ዛሬ ግን ራሴን አላመመኝም።»

«አየሽ?» አለ ሁበርት፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ገባበት። «አዲሱ ማሞቂያ ነው። ያንን የቆሸሸ ምድጃ በጊዜ ማስወጣታችን ነው። ንጹሕ አየር ስትተነፍሺ ለውጡን አየሽው?»

ወይዘሮ ኤልፍሪዳ በእጃቸው የያዙትን የመጨረሻ አንኳር ሳይጥሉ ጥቂት ቆዩ። ላይ ቤት መብራቱ ጠፋ፤ የልጅቱ ትንፋሽ እየረዘመ፣ እየተስተካከለ ሲሄድ በጭስ ማውጫው በኩል ይሰማ ነበር። ድምፅ የሚወርድበት መንገድ ደግሞ ድምፅ ይወጣበታል። ይህንን ሲያስቡት፣ ሲቃቸው ቀድሟቸው ላይ ቤት ሳይሰማ፣ የምድጃውን በር በሁለት እጃቸው ገፍተው ዘጉት።